ለበርሜሉ ያስተካከልኩት ሞተር

ባለቤቴ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ሐይቅ ዳር አይደለም፤ ገርጂ ነው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ክረምት ከሚያቁረው ጭቃ በቀር የቆመ ውሃ በማይታይበት ሰፈር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ያኔ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ሙያውን የተማረው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ባሕሩም ሄደ፣ ደመወዙም ሄደ፤ እሱ አንድ የመፍቻ ሣጥን ተሸክሞ አዲስ አበባ ገባ። እኔ ቦሌ መንገድ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠገንበት ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከአንድ ሞተር የተፈታች፣ ሳሙና የምታክል የተቃጠለች የኤሌክትሪክ ዕቃ ይዞ መጣና «ይቺን ሦስት ቦታ አሳይቼ ጣላት አሉኝ» አለኝ። እኔ ጣላት አላልኩትም። በሁለተኛው ቀን ሠርቼ መለስኩለት፣ በዓመቱ ተጋባን። እንዴት ተዋወቃችሁ ሲሉኝ በተቃጠለ ዕቃ ነው እል ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሰፊ ግቢ ያላት ቤት ተከራይተን በራሳችን መሥራት ጀመርን። ሥራ አላጣንም። ላንጋኖ፣ ዝዋይ፣ አዋሳ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ሞተራቸው ሲበላሽ የሚያሳዩት ሰው አልነበራቸውም። የመኪና ሜካኒኮች ይፈቱትና መልሶ መግጠሙ ያቅታቸዋል። ስለዚህ በፒካፕ ጭነው እኛ ዘንድ ያመጡታል። ብረቱ የእሱ፣ ሽቦው የእኔ ነበር። በር ላይ የተሰቀለው ቆርቆሮ ላይ ግን የተጻፈው የእሱ ሙያ ብቻ ነው፤ እኔ «ሚስቱ» ነኝ። ደንበኛ ይመጣና እጄ ግራሶ ለብሶ እያየ «ባለሙያው የለም?» ይለኛል። ባለቤቴ ይህን አያስተውልም ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሞተር ሲያይ ሌላ ነገር አይታየውም። እኔ ግን አንድ በአንድ በልቤ እይዘው ነበር።

ሞተር የሚሞከረው በርሜል ውስጥ ነው። በርሜሉን ውሃ እንሞላና ሞተሩን ጠርዙ ላይ እናስረዋለን፤ ፕሮፔለሩ ውሃው ውስጥ ይሽከረከራል፣ ግቢው ጭስና አረፋ ብቻ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ስለነበር ጎረቤታችን፣ ባለሱቅ ናት፣ የወሎ ሴት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና «ወላሂ እናንተ ጉደኞች ናችሁ! ሰው የሚጠጣው አጥቶ ብረት ታጠጣላችሁ?» ትለናለች። ባለቤቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሞተሩን እየሰማ ነው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አንድ ጣቱን ያነሳል። ድምፁ እስኪርቅ ሁላችንም ዝም እንላለን፣ ከዚያ እሱ ካቆመበት መስማቱን ይቀጥላል። እኔ በመለኪያ ስንት ሰዓት ፈልጌ የማገኘውን እሱ በጆሮው ያገኘዋል። እቀናበት ነበር። ዛሬ መደበቁ ምን ይጠቅመኛል?

አንድ ሕግ ነበረው። ሞተር የሚስተካከለው ለሚሠራበት ቦታ ነው እንጂ ለሚጠገንበት ቦታ አይደለም ይል ነበር። አዲስ አበባ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ሐይቆቹ ያሉት ከታች፣ አየሩ ወፈር በሚልበት ነው። ለላንጋኖ ልክ የሆነ ሞተር እኛ በርሜል ውስጥ ሲነሳ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያስላል፣ ይጨሳል፣ ይንተባተባል። እዚህ እንዲያምርበት ቤንዚኑን ቢቀንሱለት ደግሞ እዚያ ሲወርድ ያንሰዋል፤ ይግላል፣ ራሱን ያቃጥላል። ስለዚህ ከግቢያችን የወጡት ሞተሮች ሁሉ የወጡት እያሳሉ ነው። ደንበኛው ፊቱን ሲያጨማድድ ባለቤቴ «እታች ሲወርድ ይሻለዋል» ይለዋል፣ ደጋው አልስማማ ስላለው በሽተኛ እንደሚያወራ። ይሻለውም ነበር። ይህን ሕግ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ስለሆነ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

ከደንበኞቻችን አንዱ ቦሌ ትልቅ ቤት ያለው ነጋዴ ነበር። ላንጋኖ ላይ ጀልባ አለው። ቅዳሜና እሁድ እየወረደ ከአንድ ወዳጁ ጀልባ ጋር ይሽቀዳደማል፣ ሁልጊዜም ይሸነፋል። ሽንፈቱ ቢያንገበግበው ከዱባይ አንዲት ሣጥን አስመጣ። የሲጋራ ፓኮ የምታክል ጥቁር ሣጥን ናት። በሽቦ ከሞተሩ ጋር ትገናኝና ካንዴላው እሳት የሚተፋበትን ቅጽበት ታስቀድመዋለች። ፊቷ ላይ ከዜሮ እስከ አሥር የምትዞር መዘውር አለቻት። ቁጥሩ በጨመረ መጠን እሳቱ ይቀድማል፣ ሞተሩም ጉልበት ያገኛል፤ ከልክ ካለፈ ግን እሳቱ ያለጊዜው እየመጣ ፒስተኑን ይደበድበዋል። ነጋዴው ይቺን የመጨረሻዋን አልሰማም፣ ወይም መስማት አልፈለገም።

ባለቤቴ ሣጥኗን ገለባብጦ አያትና «መጫወቻ ናት» አለ። እኔ ግን ወደድኳት። ከፍቼ ሳያት ንጹሕ ሥራ ነበረች፣ ብየዳዋ ራሱ ደስ የሚል። በዚያ ግቢ ከእሱ ይልቅ እኔ የማውቀው ነገር ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ሽቦዋን አንድ ሳምንት አጠናሁ፣ ገጠምኳት፣ ሠራች። ባለቤቴ ብዙ አሰበና መዘውሯን ሦስት ላይ አቆማት። «ከዚህ ማለፍ የለም» ብሎ የጥፍር ቀለሜን አመጣና ቁጥሩ ላይ ቀይ ነጥብ አደረገበት። ቤንዚን የምታበዛውንና የምታሳንሰውን ብሎን ደግሞ ለላንጋኖ አስተካከላት፤ ሙሉ በሙሉ አጥብቆ አንድ ዙር ተኩል ፈታት። ሁልጊዜ ዙሩን ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

ነጋዴው ሊወስደው የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የዚያን ዕለት የእድራችን ሰው ሞቶ ባለቤቴ ቀብር ሄደ። ሲወጣ «ከመጣ አስነስተሽ አሳዪው፤ ስለ ጭሱም ንገሪው» አለኝ። ሌላ ያለኝ ነገር የለም።

ነጋዴው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ብቻውን መጣ። ፒካፑን በር ላይ አስጠግቶ እንደ ልማዱ «ባለሙያው የለም?» አለ።

«ቀብር ሄዷል። እኔ አሳይዎታለሁ።»

ሞተሩን አስነሳሁት። አሳለ። ጭሱ ዞሮ ነጭ ሸሚዙ ላይ ሄደ። ነጋዴው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና «ይኼ ነው የተሠራው? ሳመጣው ከዚህ ይሻል ነበር እኮ!» አለ።

«እዚህ ሲሆን ነው እንዲህ የሚለው። ላንጋኖ ሲወርድ ይስተካከላል።»

«እህቴ፣ እኔ ዕቃ ስሸጥ ቤትህ ስትደርስ ይሠራልሃል ብዬ አልሸጥም። ባለቤትሽ ይምጣና ያናግረኝ። አንቺ በማታውቂው አትድከሚ።»

ሌላ ነገር ቢለኝ ባለፍኩት። ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ይቺ ምንም አልነበረችም፤ በጨዋ ቋንቋ፣ በፈገግታ የተባለች ናት። ግን በልቤ የያዝኩት ሞልቶ ነበር መሰለኝ፤ ካቻቢቴ አነሳሁ። የሣጥኗን መዘውር ከሦስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሰባት ወሰድኳት። ብሎኗን ግማሽ ዙር አጥብቄ ቤንዚኑን ቀነስኩ። ሳሉ ቆመ። ጭሱ ጠፋ። ሞተሩ ከዚያ በፊት በዚያ በርሜል ውስጥ ሰምቼ የማላውቀውን ድምፅ አወጣ፣ ውሃው ግድግዳው ድረስ ተረጨ። ባለሱቋ ብቅ ብላ «እሰይ! ዛሬስ ዳነ!» አለች።

ነጋዴው ሸሚዙ ሲረጥብ ግድ አላለውም። «ለካ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ!» አለኝ።

ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብናገር ዛሬም ያመኛል። ስንት ዓመት ማንም ያላለኝን አንድ የማላከብረው ሰው አለኝ። «ቆይ፣ መልሼ ላስተካክለው» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ግን መልሼ ባስተካክለው ሞተሩ ተመልሶ ያስላል፣ እኔም ተመልሼ ሚስቱ እሆናለሁ። ሞተሩን አብሬው ተሸክሜ ፒካፑ ላይ ጫንኩለት።

ባለቤቴ ከቀብር ሲመለስ ጫማውን በር ላይ እያራገፈ «ወሰደው?» አለኝ።

«ወሰደው።»

«ጭሱን ምን አለ?»

«ምንም አላለ።»

«ተመስገን፣ አንድ ሰው እንኳ ይግባው» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ያን ጊዜ ብነግረው የቀብር ልብሱን ሳይቀይር አውቶቡስ ይዞ ላንጋኖ ይወርድ ነበር። አውቀዋለሁ፣ ከመቆጣቱ በፊት ይሄድ ነበር። እኔ ምሳ አቀረብኩ። እሁድን ሙሉ «ቢበዛ አንድ ሁለት ዙር ቢነዳው ነው፣ ምንም አይሆን» እያልኩ ራሴን ስሸነግል ዋልኩ።

ሰኞ ፒካፑ ተመለሰ። ነጋዴው አልመጣም፣ ሹፌሩን ነበር የላከው። ሹፌሩ ሞተሩን አውርዶ ቆመና የሆነውን ነገረን። ሰውዬው እሁድ ከሰዓት ሚስቱንና ሴት ልጁን ጀልባው ላይ ጭኖ ከወዳጁ ጋር ተሽቀዳደመ። ለመጀመሪያ ጊዜ እየመራ ሐይቁ መሀል ሲደርስ ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ተንኳኳና ነከሰ፣ ቀጥ ብሎ ቀረ። የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ ስለነበር ጀልባዋ በጎን ዞረች፣ ውሃ ገባባት። ልጅቷ እያለቀሰች ውሃውን በእጇ ስትቀዳ ወዳጁ ደረሰና ጎትቶ አወጣቸው። ሹፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ቀሪውን የተናገረው መሬት መሬት እያየ ነው።

«አለቃዬ ንገረው ያሉኝን ልንገርህ። ልጄን ሊገድልብኝ ነበር፣ ሁለተኛ የሰው ሞተር እንዳይነካ ብለዋል።»

ቅዳሜ «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» ያለኝ ሰው፣ ሞተሩ ሲቃጠል ግን ጥፋቱን የሰጠው ለባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ ቱታውን ሊለብስ ወደ ቤት ገባ። ሹፌሩ መኪናውን ሊያዞር ወጣ። ግቢው ውስጥ እኔና ሞተሩ ቀረን።

ክዳኑን አነሳሁ። መዘውሯን ከሰባት ወደ ቀዩ ነጥብ መለስኳት። ብሎኗን አጥብቄ አንድ ዙር ተኩል ፈታኋት፤ ዙሩን በልቤ ቆጠርኩ። ክዳኑን ገጠምኩ። እሱ ቱታውን ቆልፎ እስኪወጣ ድረስ እንኳ አልፈጀብኝም። ቅዳሜ ያደረግኩትን ስሕተት ልለው እችል ይሆናል፣ ማንም ይሳሳታል። የሰኞዋ ግን ስሕተት አይደለችም። አውቄ፣ ፈጥኜ፣ በጥንቃቄ ያደረግኳት ናት፤ በዚያ ግቢ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ እንደዚያች የተጣራ ሥራ አልሠራሁም።

ባለቤቴ ሲከፍተው የፒስተኑ አናት ቀልጦ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል። መዘውሯን አየ፤ ሦስት ላይ ናት። ብሎኗን ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ አንድ ዙር ተኩል። እንደገና ቆጠረ። ጅግለሩን፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ያቺን የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር፣ ወደ ፀሐይ አቅንቶ አየ፤ ንጹሕ ናት። ሁሉም እሱ እንደተወው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጥ ዋለ። እኔ በዚያ ሁሉ ሰዓት ሻይ አምጥቼለታለሁ፣ ወንበር አምጥቼለታለሁ።

በመጨረሻ «ጅግለሩን ሳጸዳ ቆሻሻ ትቼበታለሁ ማለት ነው። ካቃጠለው በኋላ ወጥቶ ሄዷል። ሌላ ምክንያት የለውም፣ የእኔ እጅ ነው» አለ። ባዶውን የሻይ ብርጭቆ አነሳሁ። እጁን ገልብጦ እያየ «ልጅ ነበረች እኮ ውስጡ» አለ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ቦሌ ነጋዴው ቤት ሄደ። ዘበኛው ስሙን ተቀብሎ ገባና ተመልሶ «የሉም» አለው። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል። በሦስተኛው ቀንም ሄደ፣ በሩ አልተከፈተም። እሱ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ነጋዴው ካናገረው «ሚስትህ ናት ያስተካከለችው» ይለዋል። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስና አላስገቡኝም ሲለኝ እፎይ አልኩ። በባሌ መዋረድ ደስ ያለኝ ቀን አለኝ፣ ያ ነው።

የነጋዴው ወሬ ነው ሥራ ያስፈታው ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አይደለም። ሰው መምጣቱን አላቆመም፣ ሌላ የት ይሄዳል? ሥራ የፈታው እሱ ነው። አንድ ሞተር ገጥሞ ይጨርስና መልሶ ይፈታዋል፤ ይገጥማል፣ እንደገና ይፈታዋል። በርሜሉ አጠገብ ቆሞ አውሮፕላን ሲያልፍ ጣቱን ያነሳል፤ አውሮፕላኑ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ በኋላም ጣቱ እንደተነሳ ይቀራል። «ምን ይላል? አንቺ ይሰማሻል?» ይለኛል። እኔን! አንድ ቀን የዝዋይ ሰዎች ያመጡትን ሞተር ሳይነካው መልሶ ጫነላቸው። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን አወረደና ወደ ጎሮ መውጫ አንድ የእህል መጋዘን በጥበቃ ተቀጠረ። ዙሪያው ገና የጤፍ ማሳ ነበር። ምጽዋ የመርከብ ሞተር ያስነሳ የነበረ ሰው የጆንያ በር ይጠብቅ ጀመር።

እኔ ሥራ በዛልኝ። የሰፈሩ ቴሌቪዥንና ቴፕ በሙሉ እኔ ዘንድ ይመጣ ጀመር፣ አሁን «ባለሙያዋ አለች?» ነው የሚባለው። ያን ያህል የተመኘሁት ነገር ይኸው ነበር። ባለቤቴ ከጥበቃ ሲመለስ የደንበኛ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ያስገባልኛል፣ ያስወጣልኛል። አንድ ቀን ክፉ ነገር ቢለኝ ኖሮ እገላገል ነበር።

ይልቅ ሌላ ልማድ አወጣ። ቤት ውስጥ የነካውን ሁሉ እኔ ካላየሁለት አያምነውም። የበር ማጠፊያ ይመታና «እይልኝ» ይላል። የወንበር እግር ያጠብቅና «እይልኝ» ይላል። አምፖል እንኳ ቀይሮ ይጠራኛል። እኔም እሄድና አያለሁ። ሁልጊዜ ልክ ነው። «ደህና ነው» ስለው ትንፋሹን ያወጣል። በዚያ ቤት ውስጥ እሱ የሚያምነው እጅ የእኔ ብቻ ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ እሁድ ጠዋት ከዝዋይ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሐይቁ መሀል ደሴት ላይ የሚኖረውን ሰው ወደ ከተማ የምታሻግረው ጀልባ ሞተሯ ቆሟል፤ ታማሚ የሚወጣው በእሷ ነው፣ የሚጠግናት ጠፍቷል። ባለቤቴ ግቢ ውስጥ የቧንቧ ራስ እየቀየረ ነበር፤ ተነሥቶ እጅ ነሳቸው።

«ልጄ፣ ለእግዜር ብለህ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እያት» አሉት።

«አባቴ፣ ብችል እምቢ አልልዎትም ነበር። እጄ ሰው ይጎዳል። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ፣ ባልሽን ምከሪው እንደማለት። ፊቴን አዞርኩ። በሩ ድረስ ሸኛቸውና ተመልሶ ቧንቧው ሥር ተንበረከከ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ያ ሞተር በአንተ እጅ አልተቃጠለም» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት፣ የቅዳሜውንም የሰኞውንም። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ ለእኔ አይገባም ብዬ ነው። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ትቶኝ ይሄዳል ብዬም ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ስንት ላይ አደረግሻት?» አለኝ።

«ሰባት።»

«ብሎኗንስ?»

«ግማሽ ዙር አጠበቅኳት።»

ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «እዚህ ያምርበታል» አለ።

«አምሮበት ነበር።»

«እኔ የማስበው ጅግለሯን ነበር» አለ። «መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቀን በቀን። በምን ጨርቅ እንደጠረግኳት፣ በየት በኩል እንደነፋሁባት። ሦስት ዓመት እሷን ሳጸዳ ነው የኖርኩት።» ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ፈለግሁበት፣ አጣሁ። «እና አሁን ይኼን ምን ላድርገው?»

«ሽማግሌው ገና ሩቅ አልሄዱም፣ ሮጬ ልጥራቸው» አልኩት። እንዳልሰማ ሆኖ ጎንበስ አለና የገጠመውን ቧንቧ ከፈተ። ውሃው መጣ። ከመገጣጠሚያው አንዲት ጠብታ አልወጣም። ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው፣ ደረቅ ነው። እንደገና ዳሰሰው። ከዚያ ዘጋውና መፍቻውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ለማንኛውም እይልኝ» አለኝ።